ነቢብ ገቢር ሲሆን

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ እግዚአብሔር በስድስቱ ዕለታት የፈጠራቸውን ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በሦስት ወገን ከፍለው ያሳያሉ፤ ሰባቱን በአርምሞ፣ ዐሥራ አራቱን በነቢብ፣ አንዱን፣ እርሱም ሰው የተባለውን፣ በገቢር እንደ ፈጠረ ይናገራሉ፤ በነቢብ ከተፈጠሩትም የመጀመሪያው ብርሃን መሆኑን ያመለክታሉ። እነዚሁ ሊቃውንት ወደ ንስሓ ትምህርት በተሻገሩ ጊዜ ደግሞ የሰውን በደል በተመሳሳይ ሥርዐት ለሦስት ይከፍሉታል፤ በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር የሚሠራ ኃጢአት አለና። ፈጣሪ በተናገረ ጊዜ የተናገረው ወዲያው ይሆናል፤ ሰው ግን ተናግሮ ሳያደርግ የሚቀር፣ ሳይናገርም የሚያደርግ፣ በነቢቡና በገቢሩ መካከል ሰፊ ሜዳ የተተወለት ፍጡር ነው፤ የንስሓ አባትም ኃጢአቱን የሚናዘዘውን ሰው፣ ተናገርህ ወይስ አደረግህ ብሎ ለይቶ የሚጠይቀው ይህ ሜዳ ስላለ ነው። እንግዲህ ይህ ሜዳ እጅግ ጠቦ፣ የሰው ነቢብ ራሱ ገቢር የሚሆንበት አንድ ሙያ በዘመናችን ስለ ተገኘ፣ የዚያ ሙያ ባለቤት በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ያለበት ተጠያቂነት እስከ ምን ድረስ ይዘልቃል የሚለውን ጥያቄ መመርመር ተገቢ ሆኖ ይታየኛል። ሙያውም በፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ በኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የሚያገለግል ፕሮግራም ማዘጋጀት፣ ከዚያም አልፎ ሌሎች ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚገለገሉበትን መሣሪያ መሥራት ነው።

ጥያቄውን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር ሆኖ መጠየቅ ከሌላ ስፍራ ይልቅ የሚያመች ይመስለኛል። ከደንበጫ ወጥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል አልፎ፣ ቡሬ ላይ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ነቀምት የሚከፈለው መንገድ የሚያቋርጠው የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ ምድር፣ ከእህሉ ባላነሰ በቃሉ የታወቀ ነው፤ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣ ተማሪ ግሱን ገሥሦ፣ ቅኔውን ዘርፎ የሚመለስባቸው ዋሸራና ጎንጅ በዚሁ በምዕራብ ጎጃም ይገኛሉና። ዛሬ ደግሞ በእነዚህ ከተሞች፣ ደብዳቤ በሚጻፍባቸውና ፎቶ ኮፒ በሚደረግባቸው ጠባብ ቤቶች፣ በኮሌጆችም ውስጥ፣ የፕሮግራም ቋንቋ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ በቆየ ጊዜ፣ ከሩቅ አገር ኮምፒውተር ጋር መገናኘት ሳያስፈልገው እዚያው በተጫነበት መኪና፣ ይኸውም በኮምፒውተሩ፣ ላይ የሚሠራ፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ፕሮግራም እንዴት ያለ በረከት እንደ ሆነ በዚህ አገር ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል።

የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሹን ለምኖ፣ እርባ ቅምሩንና አገባቡን ካጠና በኋላ፣ ዛሬ ማንም እናት ለልጇ በማታወራበት በግእዝ፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም በላይ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የግሱን ስሕተት፣ የቤቱን መርዘምና ማጠር፣ የሰሙንና የወርቁን አለመገጣጠም እየነቀሰ ያርምለታል። የፕሮግራም ቋንቋ የሚማረውም ወጣት እንዲሁ የአፍ መፍቻው ባልሆነ፣ እንዲያውም የማንም አፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ፣ የሰዋስው ሕጉን አጥብቆ እየጠበቀ ይጽፋል። መመሳሰሉ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ሁለቱ መንገዶች ይለያያሉ፤ የጥያቄያችንም ሥር ያለው ከዚህ መለያያ ላይ ነው። የቅኔ ክብሩ አዲስነቱ ነው፤ ለዕለቱ በዓል የተዘረፈ ቅኔ ለዚያው ዕለት ሆኖ ይቀራል፤ የትናንቱን ደግሞ ያቀረበ፣ ይልቁንም የሌላውን እንደ ራሱ ያሰማ፣ በጉባኤው ፊት ያፍራል። የፕሮግራም ክብሩ ግን አለመለወጡ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈው ቃል፣ ጸሐፊው ተኝቶ ሳለ፣ ታሞም ሳለ፣ ሞቶም ሳለ፣ በማያውቃቸው ሰዎች ቤት ያንኑ ሥራ ያንኑ ያህል ጊዜ ሳያጓድል ይሠራል። ባለ ቅኔው ከቃሉ ጋር አብሮ በጉባኤው መካከል ይቆማል፤ የፕሮግራም ጸሐፊው ግን ቃሉን ልኮ እርሱ ይቀራል።

በተማሪውና በመምህሩ መካከል ያለው ስፍራም በዚህ ሙያ በሌላ ተይዟል። የተጻፈውን ኮድ ተቀብሎ ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልስ ኮምፓይለር ወይም ኮዱን እያነበበ በየመስመሩ የሚያስፈጽም ሌላ መሣሪያ አለ፤ ይህም መሣሪያ የሰዋስው ጉድለት ባገኘ ጊዜ አልቀበልም ይላል፤ በዚህ በኩል ከጎንጅ መምህር ይልቅ ጥብቅ ነው። ነገር ግን መምህሩ ተማሪው ምን ሊል እንደ ፈለገ ተረድቶ፣ ያልከው ሌላ፣ ያሰብኸው ሌላ ሊለው ሲችል፣ መሣሪያው የተባለውን እንጂ የታሰበውን አያይም፤ ሕጉን የጠበቀ ስሕተትም ሕጉን የጠበቀ እውነትም በእርሱ ዘንድ አንድ ናቸው። ይህ ልዩነት ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ በአንድ ምሳሌ ላይ ዘግየት ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምሳሌውንም ከራሳችን ከባሕረ ሐሳብ እወስዳለሁ።

በአበው ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ የተገለጠው ይህ ሐሳብ፣ ጾመ ነነዌና ትንሣኤ የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣ ጥርት ያለ የቁጥር ሥርዐት ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ዓመተ ፍዳ ተጨምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲነሣለት ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ ሁለቱም ተደምረው ምን ጊዜም 30 ናቸው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ የዋለበት ዕለት ተውሳክ፣ ይኸውም የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2፣ በመጥቅዕ ላይ ሲጨመር መባጃ ሐመር ተገኝቶ ነነዌን ያሳያል፤ ትንሣኤም ከነነዌ በኋላ በ69ኛው ቀን ነው። መሪጌታዎቻችን ይህን ሁሉ በቃላቸውና በጣታቸው ያወጡታል።

አሁን አንድ የቡሬ ወጣት ይህን ሐሳብ ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት ይጠቅማል ብሎ፣ በፓይተን ቋንቋ፣ ከቋንቋው ጋር አብሮ በሚመጣው በቲኪንተር አማካይነት መስኮትና ቁልፍ ሠርቶለት፣ ዓመት ሲጻፍበት የፋሲካን ቀን የሚያወጣ ፕሮግራም አዘጋጀ እንበል። ልቡ ቅን፣ ድካሙም ብዙ ነው። ነገር ግን አንዲት ነገር ሳያስተውል ቀረ፤ ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ምንም ሳይተርፍ በሚቀርበት ዓመት አበው ወንበሩን 18 ሲያደርጉ፣ እርሱ ከቀሪው አንድ ቀንስ ብሎ ብቻ ስለ ጻፈ፣ መኪናው ከባዶ አንድ ቀንሶ ከዜሮ በታች አንድ አገኘ። በ2005 ዓ.ም. ይህ ደርሶ ነበር፤ 7505 በ19 ሲካፈል 395 ደርሶ ምንም አይተርፍምና። እውነተኛው ወንበር 18፣ አበቅቴው 18፣ መጥቅዑም 12 ነው። በወጣቱ ፕሮግራም ግን ከዜሮ በታች 11 እና ከዜሮ በታች 19 ወጡ፤ ፓይተንም በሕጉ መሠረት ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር በ30 ሲገድፈው ወደ ላይ መልሶ 19 እና 11 አደረጋቸው። ሁለቱ ቢደመሩ 30 ናቸው፤ የአበው መፈተኛም እንኳ ስሕተቱን ሳይዘው አለፈ።

የሚያስደንቀው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት 12 ሰኞ ስለ ነበረ 12 እና 6 ተደምረው 18 ይሆናሉ፤ ስሕተተኛው ጥቅምት 11 እሑድ ስለ ሆነ 11 እና 7 ያው 18 ናቸው፤ ነነዌ የካቲት 18 ሆኖ በሁለቱም መንገድ ትክክል ይወጣል። እንደዚህ ያለው ዓመት የሚመለሰው በ19 ዓመት፣ ሊቃውንቱ ንዑስ ቀመር በሚሉት ዙር ነው፤ በ2024 ዓ.ም. ጥቅምት 12 ሐሙስ ስለሚሆን፣ በሁለቱም መንገድ 15 ወጥቶ ስሕተቱ አሁንም ተሰውሮ ያልፋል። በ2043 ዓ.ም. ግን ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል፤ በእውነተኛው ሐሳብ 12 እና 8 ተደምረው ነነዌ የካቲት 20፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 29 ሲሆኑ፣ በፕሮግራሙ 11 እና የዓርብ 2 ተደምረው ነነዌን የካቲት 13፣ ትንሣኤን ሚያዝያ 22 ያደርጓቸዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያህል የታመነ፣ ታምኖም የተገኘ ፕሮግራም፣ በዚያ ዓመት አንድን ደብር ሙሉ ሳምንት አስቀድሞ ያጾማል፤ በሆሳዕና ዕለትም ፋሲካን ያበስራል።

በደሉ የማን ነው? መኪናው አደረገው የሚል ሰው፣ ነጻ ፈቃድ የሌለውን ነገር በነጻ ፈቃድ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ይህ መልስ የሚገባው አይመስለኝም። የተገለገለበት ዲያቆን ማመን አልነበረበትም የሚልም ሰው፣ ዲያቆኑ ውስጡን ሊያይ በማይችለው ነገር ይፈርድበታል፤ ደግሞስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልዋሸን ነገር አለማመን ከማንስ ይጠበቃል? የአበው ሥርዐት ስሕተት የለበትም፤ የፓይተን ሕግ ስሕተት የለበትም፤ ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ወደ ላይ መልሶ መግደፍ የራሱ ደኅና ምክንያት ያለው ምርጫ ነው፤ በዓመታት፣ በሳምንታትና በሰዓታት ዙር ላይ ለሚሠራ ሰው እንዲያውም የተሻለው ምርጫ ነው። ሁለት ቅን ሕጎች በተገናኙበት መስመር ላይ ስሕተቱ ተወለደ፤ በዚያ መስመር ላይ ደግሞ ከጸሐፊው በቀር ማንም አልነበረም።

እዚህ ላይ መሣሪያ ሠሪውን መርሳት አይገባም፤ እንደ እኔ አሳብ ሸክሙ ከፕሮግራም ጸሐፊው ይልቅ የከበደ ነው። ያው ወጣት ያንኑ ሐሳብ በሲ ቋንቋ ቢጽፈው ኖሮ፣ መኪናው ከዜሮ በታች 19 የሆነ መጥቅዕ አውጥቶ፣ ከዜሮ በታች የሆነ የፋሲካ ቀን፣ ሕፃን እንኳ የሚስቅበት ነገር፣ በመስኮቱ ላይ ያሳየው ነበር፤ ስሕተቱም በመጀመሪያው ቀን ይታረም ነበር። በሲ ቋንቋ ራሱ ይህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ደንብ ለየኮምፓይለሩ ሠሪ የተተወ ሲሆን በ1999ኙ ደንብ ነው አንድ መልክ የያዘው፤ እስከዚያ ድረስ አንዱ ቃል በሁለት መኪና ላይ ሁለት ዐይነት ገቢር ሊኖረው ይችል ነበር ማለት ነው። በሩቅ አገር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተወሰነ የቀሪ ቁጥር ምልክት፣ በምዕራብ ጎጃም አንድ ስሕተት ይሰወር ወይስ ይገለጥ የሚለውን ይወስናል። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው የሽልማት ንግግሩ ከዚህም የጠለቀውን አሳይቷል፤ ኮምፓይለርን አንድ ጊዜ ያበላሸ ሰው፣ በኮዱ ላይ አንዳች ምልክት ሳይታይ፣ ያ ኮምፓይለር የሚያወጣቸውን ፕሮግራሞችና የሚቀጥለውን ኮምፓይለር ጭምር እንዲበላሹ ማድረግ እንደሚችል ነው ያስረዳው። ኮምፓይለር በኮምፓይለር ይሠራልና፣ የመጀመሪያውን ማን እንዳቀና ወደ ኋላ ቢጠይቁ መጨረሻው ሰው ላይ ይደርሳል፤ ሁሉን በራሱ መርምሮ የሚጨርስ ማንም የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጸሐፊ ሳያውቀው የእምነት ሰው ነው።

ስሕተት ሳይሆን ምርጫ የሆነም ነገር አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም 345 ምልክቶች ይዞ በገባ ጊዜ፣ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ሆነው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ ይህን ያደረጉት ሰዎች ለፊደሉ የሚገባውን ክብር ሰጥተውታል። ከዚያ ወዲህ ግን ለአማርኛ መፈለጊያና መተንተኛ መሣሪያ የሚሠሩ ብዙዎች፣ ለድምፁ አንድ ናቸው በማለት ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚያጥፍ ጥቂት መስመር ይጽፋሉ። ደብዳቤ ለሚፈልግ ሰው ይህ በእርግጥ ይጠቅመዋል። ለግእዝ ጽሑፍ ግን ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ስለ ሆነ፣ በዚያ መሣሪያ ያለፈ ድርሳን የለመነውን ከሣለው አይለይም፤ ቅኔውም ወርቁ በዚያች ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ከነበረ ጠፋ። መስመሩን የጻፈው ሰው ቅኔን ሊጎዳ አላሰበም፤ ስለ ቅኔም ምናልባት አልሰማም። ነቢቡ ግን እርሱ ወዳላሰበበት ጉባኤ ገብቶ ገቢር ሆነ።

ኦሪት እንዲህ ላለው ነገር ፍርድ አላት። በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም እንዳይወድቅ በዙሪያው መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ በዘፀአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን ይክሳል። በሁለቱም ላይ ሕጉ የሠሪውን ክፉ አሳብ አይጠይቅም፤ መቆፈሩንም አይከለክልም፤ የሚጠይቀው አለመክደኑን ነው። እኔም የፕሮግራም ጸሐፊውን በደል የማየው በዚሁ ሚዛን ነው፤ የ18ቱን ወንበር መዘንጋቱ የሥጋ ለባሽ ድካም ሆኖ ይቅር ሲባልለት፣ ሥራውን ማንም ሊያርመው በማይችልበት መልክ ዘግቶ ማውጣቱ ግን በእርሱ ላይ ይቆጠራል።

መጥቅዕ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዙሩ የሚይዛቸው ቁጥሮች ዐሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ 12 እና 13 አሉበት፣ 10 አለበት፣ 11 እና 14 ግን ፈጽሞ የሉበትም። ስለዚህ የወጣቱ መስኮት የፋሲካን ቀን ብቻ በትልቅ ፊደል ከማሳየት ይልቅ፣ ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑንና ተውሳኩን ከሥሩ ዘርዝሮ ቢያሳይ ኖሮ፣ በአንድ የገጠር ደብር ተቀምጦ የሚያየው መሪጌታ፣ ፓይተን ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ፣ 11 የሚባል መጥቅዕ ከየት መጣ ብሎ በ2005 ዓ.ም. ላይ ይይዘው ነበር። ቀን ብቻ የሚያሳይ መስኮት ለዐይን ያምራል፤ ነገር ግን መምህሩን ከጉባኤው አስወጥቶ በሩን መዝጋት ነው። መሣሪያ ሠሪም እንዲሁ፣ ጥርጣሬ ያለበትን ነገር በትሕትና አስተካክሎ ከማሳለፍ ይልቅ ቆሞ ቢናገር፣ ወጣቱን ያሳፍረዋል እንጂ አይጎዳውም። ደግሞም መኪናው ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር የሚሉትን 532 ዓመት አንድ በአንድ አውጥቶ፣ መጥቅዑ ከዐሥራ ዘጠኙ ቁጥሮች አንዱ ካልሆነ ይቁም የሚል ፈተና መጻፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ማስፈጸሙም ዐይን እስኪከደን አይቆይም። የግማሽ ሰዓት ሥራ ሆኖ ሳለ የተተወ መከታ፣ አልቻልሁም የሚል ምክንያት አያቆመውም።

የቀረው ካሣ ነው፤ እርሱም ከሁሉ የሚከብድ ሆኖ አገኘዋለሁ። የሰረቀ ሰው ንስሓ ሲገባ የሰረቀውን እንዲመልስ፣ ያማ ሰው ያማውን ይቅር እንዲያሰኝ ይታዘዛል፤ በፍላሽ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ሰከላ፣ ከዚያም ማንም ወደማያውቀው የተበተነ ፕሮግራም ግን ተጠርቶ አይመለስም፤ ወጣቱ ስሕተቱን በኋላ ቢያውቅ እንኳ ለማን እንደሚነግር አያውቅም። ስለዚህ በዚህ ሙያ ካሣው ከበደሉ አስቀድሞ መቀመጥ ይኖርበታል። የብራና ጸሐፍቶቻችን መጽሐፉን ሲጨርሱ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስማቸውን፣ ለማን እንደ ጻፉ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ፈጸሙት እየጻፉ፣ ስለ ጎደለውና ስለ ተሳሳተው ይቅርታ ይለምኑ ነበር፤ የሚቀጥለውም ገልባጭ ያንን አይቶ የሚያርመውን ያርም ነበር። የዛሬው ፕሮግራም ጸሐፊም ኮዱን ሳይቈልፍ፣ ሐሳቡን ከየትኛው መምህር እንደ ተማረ፣ በየትኛው የፓይተን እትም እንደ ጻፈው፣ እስከ የትኛው ዓመት እንደ ፈተነው፣ ምን እንዳልፈተነ በግልጽ አማርኛ ከፕሮግራሙ ጋር አያይዞ ቢተው፣ እርሱ በሌለበት ዘመን ያ ፍላሽ በእጁ የገባ ሌላ ወጣት መስመሩን አግኝቶ ወንበሩን 18 ሊያደርገው ይችላል።